የፍልሰታው ብስኩት

በአንድ ወቅት፣ ዘይት ከገበያ ድራሹ በጠፋበት ክረምት፣ የእትዬ የሺመቤት አንድ ልጅ ምንተስኖት ኩላሊቱን ታመመ። በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ካላገኘ አይቆይም ተባለ። እትዬ የሺመቤት አቅሙን ከየት ያምጡት? የሰፈሩ ወጣቶች ማኅበር ብስኩት እየጋገረ በቤተ ክርስቲያን በር መሸጥ ጀመረ። እሳቸውም ትሪ የያዘ ወጣት ባዩ ቁጥር አገላብጠው ይስሙ ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ ጋጋሪዋ ማስተዋል ዘይት ፈልጋ አጣች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እናቷ ለእንቁጣጣሽ ያስቀመጠችውን ቅቤ ሰርቃ ሊጡን አሸችበት። ብስኩቱን ለሻጩ ለግርማቸው ስታስረክብም አልደበቀችውም።

«ቅቤ አለበት። ሌላ ከየት ላምጣ?» አለችው።

ግርማቸው ዋሽቶ የማያውቅ ልጅ ነበር። በዚያ ቀን ግን ጿሚውን ሁሉ፣ «የጾም ነው እናቶቼ፣ የጾም!» እያለ ሸጠ። ኃጢአት በንስሐ ይወጣል፣ የወጣች ነፍስ ግን አትመለስም ብሎ ልቡን አደነደነ። የሐሙሱ እጥበት ዋጋ ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

የማኅበሩ ሰብሳቢ አዜብ ለማገዝ ብትመጣ ብስኩቱ ቅቤ ቅቤ ሸተታት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾም ሽረው የማያውቁ አንድ ሽማግሌ ሊጎርሱ ሲሉ አየች። አልቻለችም።

«ወገኖቼ፣ እንዳትበሉ! ቅቤ አለበት!»

ሰዉ ብስኩቱን እየወረወረ ገንዘቡን አስመለሰ። ከዚያ ወዲያ ከማኅበሩ እጅ የሚገዛ ጠፋ። የሐሙሱ እጥበት ቀረ፤ ምንተስኖት ቅዳሜ ጠዋት አረፈ።

ሦስቱም መጥተው በሬሳው ፊት ተናዘዙ። እትዬ የሺመቤት መሬት ላይ ተቀምጠው ሰሟቸው። ሊጠሏቸው ፈለጉ፤ ነገር ግን ልጃቸውን ደግፈው ሐኪም ቤት ያመላለሱት እነዚሁ ናቸው።

«ልጆቼ፣ ሁለታችሁን ይቅር ልል እችል ይሆናል። ለሦስት ግን አቅም የለኝም። ከሦስታችሁ አንዱ ቀብሩ ላይ አይቁምብኝ» አሉ።

በዚያ አገር ከወዳጅ ቀብር መባረር ከሞት አይሻልም።

«እኔ መቼ የጾም ነው አልኩ?» አለች ማስተዋል።

«አዜብ ዝም ብትል ልጁ ይታጠብ ነበር» አለ ግርማቸው።

«እናንተ ባታታልሉ እኔን ምን ያስጮኸኝ ነበር?» አለች አዜብ።

ሬሳው ተነሣ። እናት ደጃፉ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ሁለቱን ሊያሳልፉ፣ አንዱን ሊመልሱ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ የሚመለሰው ማነው?