የበሬ ማሰሪያው ጥድና ስሱ መጋዝ

ተረት ይዤላችሁ መጥቻለሁ። እናንተ ጆሮ አዋጡ፣ እኔ ምላስ አዋጣለሁ። መሀል ላይ "ውሸት ነው" የሚል ካለ ከአሁኑ ይውጣ።

ድሮ ድሮ፣ ብረትና እንጨት ከሰው ጋር ተኳርፈው ዝም ሳይሉ በፊት፣ አያ ይርሳው የሚባል አናጢ ነበረ። ሥራው ሞፈር፣ ቀንበርና ድግር መጥረብ ነው። እንጨት ሲመርጥ አንድ ልማድ ነበረው፤ ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ ይመታዋል። መጥረቢያው ነጥሮ ከተመለሰ "ይሄ እንጨት ነው" ይላል። እንጨቱ ከጎደጎደ "ይሄ ጎመን ነው" ብሎ ያልፈዋል። አገሩ ሁሉ በእሱ ሞፈር ስለሚያርስ፣ ተሳስተሃል የሚለው ሰው አልነበረም።

እንጉዳይ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ሠርጓ ሰባት ቀን ሲቀረው መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ እስከ ዛሬ የሠራኸው ሁሉ ለበሬ ነው። አሁን ደግሞ ለእኔ ሥራልኝ።"

"ምን ልሥራልሽ?"

"ሳጥን። ክዳኑ ላይ አጥራችን ላይ የምትዘምረውን ደረተ ቀይ ወፍ አድርግልኝ። ቀለም ግን አልፈልግም፤ ቀለም ይለቃል። ቀዩም ነጩም ከእንጨት ተቆርጦ፣ ጎን ለጎን ይገጠምልኝ።"

አያ ይርሳው ቃል ገባ። ለአንድ ልጁ ቃል ገብቶ ባዶ እጁን ቢቀር ሠርጉ ላይ በምን ፊቱ ይቀመጣል?

ላባ የሚያህል ቁራጭ የሚያወጣለት አንድ ስስ መጋዝ ነበረው፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። በዚያ አገር እንደሱ ያለ ሌላ የለም። እሱ ከተሰበረ ወፏም ቀረች ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን መጋዙን ይዞ ወደ ጫካ ወጣ። ወይራ ከሩቅ ጠራው።

"አንተ ይርሳው፣ እኔን ውሰደኝ። ድግር ሆኜ ስንት ድንጋይ ፈንቅያለሁ።"

አያ ይርሳው በመጥረቢያው ጀርባ መታው። መጥረቢያው ቧ ብሎ ነጠረ።

"ጌታዬ፣ እኔ ስስ ነኝ፤ ይሄ ይጨርሰኛል" አለ መጋዙ።

"መጋዝ ይቆርጣል እንጂ አይመርጥም" አለና ወይራውን ቆርጦ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። አንድ ክንፍ እንኳን ሳይወጣ የመጋዙ ሦስት ጥርስ ረገፈ።

በሁለተኛው ቀን ግራር ጠራው።

"ወይራን ተወው፣ እኔን ውሰደኝ። እሾሄን ያየ ውስጤን አይጠይቅም።"

መታው። መጥረቢያው ቧ ብሎ ነጠረ።

"ጌታዬ፣ ትናንት ምን ብዬ ነበር?" አለ መጋዙ።

"ትናንት ያልኩህን ዛሬም እልሃለሁ።"

የወፏ ጅራት ተቆርጦ ሳያልቅ ሌላ ሦስት ጥርስ ረገፈ። ግትር ሰው እንዲህ ነው፤ የትናንት ስህተቱን ዛሬ በሌላ እንጨት ይደግመዋል።

በሦስተኛው ቀን መጋዙ ድምፁ ቀጥኖ ተናገረ።

"ጌታዬ፣ ስድስት ጥርሴ ሄደ። ዛሬም ጠንካራ ካመጡብኝ እሰበራለሁ፤ እንጉዳይም ያለ ወፏ ትዳራለች።"

አያ ይርሳው ፈራ። ፍርሃቱን በንዴት ሸፈነና መጥረቢያውን አንስቶ፣ ደጁ ላይ የቆመውን የበሬ ማሰሪያ ግንድ በጀርባው መታው። መጥረቢያው አልነጠረም፤ እንጨቱ ጎደጎደ።

"ምነው ልጄ?" አለ ማሰሪያው። አሮጌ ጥድ ነው፤ ፀሐይና ዝናብ ላዩን አመድ አስመስሎታል። "አባትህ ከተከለኝ ጀምሮ በሬ ታስርብኛለህ እንጂ አናግረኸኝ አታውቅም። ዛሬ በመጥረቢያ ሆነ ሰላምታህ?"

"አንተማ ጎመን ነህ። ለሞፈር አትሆንም።"

"ሞፈር ማን ጠየቀህ? የምትድረው በሬ ነው እንዴ?"

አያ ይርሳው መጥረቢያውን አወረደ። ጥዱ ግን አልጨረሰም።

"ላዬን ላጠው። ውስጤ ቀይ ነው፣ ዳሬ ነጭ ነው። ደረቷን ከቀዩ፣ ሆዷን ከነጩ፣ ክንፏን ሁለቱ ከሚገናኙበት አውጣ። መስመሬን ተከትለህ ቁረጥ፤ ላባ ይሆንልሃል። ከእርጥብ እንጨት ብትሠራት ሲደርቅ መገጣጠሚያው ይከፈት ነበር፤ እኔ ግን ደርቄ ኖሬአለሁ፤ የትም አልሸሽም። አንድ ነገር ልንገርህ፣ ጥፍር ይቧጭረኛል። ስለዚህ ሰው የሚያየኝ ቦታ አድርገኝ እንጂ ሰው የሚረግጠኝ ቦታ አታድርገኝ።"

አያ ይርሳው መጋዙን አየው። "አንተስ ምን ትላለህ?" አለው። መጋዙ በሕይወቱ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነበር።

"የቀሩት ጥርሶቼ ይበቁኛል" አለ።

ላዩ ሲላጥ ግቢው በጥድ ሽታ ተሞላ። መጋዙ ገባ፣ ዞረ፣ ወጣ፤ አንድም ጥርስ አልረገፈም። አራት ቀን ሠሩ። ደረቷ ቀይ፣ ሆዷ ነጭ ሆነ። አንዲት ትንሽ ጥቁር ቋጠሮ ተገኘችና ዓይን ሆነች። ወይራውም አልተጣለም፤ ጠንካራ ነውና የሳጥኑ እጀታ ሆነ። ግራሩ ግን ሲፎክር ማገዶ ሆነ።

የሠርጉ ቀን ሳጥኑ መሀል ተቀመጠ። እንጉዳይ ወፏን በጣቷ እየዳሰሰች አለቀሰች። የሙሽራው አባት አያ ደርበው ግን ገበሬ ናቸውና ጠጋ ብለው ዱላቸውን አነሱ።

"እስቲ ጥንካሬውን ልየው" አሉ።

አያ ይርሳው ዱላውን ከአየር ላይ ያዘው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ አይመታም፣ ይታያል" አለ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መጋዝ ይህን ሰምቶ፣ ስድስት ጥርስ በጎደለው አፉ ሳቀ።

እኔ ተናግሬ ጨረስኩ፣ እናንተ ይዛችሁ ግቡ፤ እንጨት ስትመርጡ ምን ልትሠሩበት እንደሆነ ጠይቁ እንጂ መጥረቢያ አታማክሩ።