ስሟ የተረሳ ባልቴትና የድንጋዮቹ ሜዳ

ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? አልበላችሁም እንዴ? እንደገና! ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

እሰይ፣ እንደሱ ነው።

በድሮ ጊዜ አንድ ሰፊ ሜዳ ነበረ። አጥር የለውም፣ በር የለውም፣ የሁሉም ሰው ነው። የፈለገ ይሄድበታል፣ ይቀመጥበታል፣ ሲበቃው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቀጫጭን የእግር መንገዶች ይጠማዘዙበታል። በየመንገዱ ዳር ትልልቅ ድንጋዮች ቆመዋል። አንዱ ኮርቻ ይመስላል። አንዱ ሙቀጫ ይመስላል። አንዱ ደግሞ አኩርፎ ጀርባውን የሰጠ ሰው ይመስላል።

ከሜዳው አጠገብ አንዲት ባልቴት ብቻዋን ትኖር ነበር። ባሏ ሞቷል፣ እህቷም ሞታለች። ስሟን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ነበሩ። የመንደሩ ሰው «እማማ» ይላታል፤ አንዳንዱ ደግሞ እሱንም ሳይል ያልፋታል። አርባ ዓመት ሙሉ በስሟ የጠራት የለም። እናንተስ የጎረቤታችሁን የእማማን ስም ታውቃላችሁ? አየኋችሁ፣ ዝም አላችሁ!

ባልቴቷ አንድ ሰው ብቻ ነበራት። እንጉዳይ የምትባል የጎረቤት ልጅ። እንጉዳይ በየማለዳው በሯን እያንኳኳች «እማማ፣ ደህና አደሩ?» ትላታለች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት የለም። ባልቴቷ ያችን አንዲት ሰላምታ ስትጠብቅ ታድራለች።

አንድ ቀን ፀሐይ ወጣች፣ በሩ አልተንኳኳም። ከብቱ ተሰማራ፣ አልተንኳኳም። ረፈደ፣ አልተንኳኳም። ባልቴቷ ብትወጣ መንደሩ ይላቀሳል። እንጉዳይ ሜዳው ላይ ስትጫወት ድንጋይ ሆናለች።

ለካ ሜዳው ውስጥ ጭራቅ ገብቷል! ጭራቁ ከድንጋዮቹ ኋላ ተደብቆ ሰውን በስሙ ይጠራል። የተጠራው «አቤት!» ካለ እዚያው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ስም አይቸግረውም። ሰዎች ሜዳው ላይ ሲጠራሩ ድንጋዮቹ ይሰማሉ፣ ሰምተው ይነግሩታል። እንጉዳይ ደግሞ ጨዋ ልጅ ናት፤ ስትጠራ አቤት ትላለች።

መጀመሪያ የአገሩ ገዥ ወታደር ላከ። ጭራቁ ጠራው። ወታደር አቤት ማለት ልማዱ ነው። «አቤት!» አለ፣ ድንጋይ ሆነ። ቀጥሎ አንድ ብልጥ ነኝ ባይ ጆሮውን በሰም ደፍኖ ሄደ። ጭራቁ ቢጠራው ቢጠራው አልሰማም። መንገዱን ሲያጋምስ ግን ጆሮውን በላው። ሰሙን አወጣ። «አቤት!» አለ፣ አለቀለት። ሦስተኛ የሚሄድ ሰው ጠፋ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ባልቴቷ።

ሰዎቹ ሳቁ። «እማማ፣ እርስዎማ አርፈው ይቀመጡ» አሏት።

«ለማን ብዬ ነው የምቀመጠው?» አለችና ምርኩዟን ይዛ ወጣች።

ኮርቻ በሚመስለው ድንጋይ ላይ አንድ ሽኮኮ ፀሐይ ይሞቃል። «እማማ፣ ወዴት ነው?» አላት።

«ልጄን ላስመልስ።»

«እንግዲያው ይስሙኝ። የጭራቁ አስማት ለራሱም ይሠራል። ተጠርቶ አቤት ካለ እሱም ድንጋይ ይሆናል። ግን ስሙን የሚያውቅ የለም። ማን ጠርቶት ያውቃል!»

«እሱም እንደ እኔ ነዋ!» አለች ባልቴቷ። ቢሆንም መንገዷን ቀጠለች።

ጭራቁ ከሩቅ አያት። «ይቺ ማን ናት?» ብሎ ኮርቻውን ጠየቀ። «አናውቃትም» አለው። ሙቀጫውን ጠየቀ። «ስትጠራ ሰምተን አናውቅም» አለው። አኩራፊውን ጠየቀ። «ስም ያላትም አይመስለንም» አለው። ባልቴቷ ሁሉንም ሰማች። አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ጭራቁ ተናዶ ከፊቷ ተገተረ። ከዛፍ ይረዝማል። «ስምሽ ማን ነው?»

«እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ያንተን ንገረኝ።»

ጭራቁ ግራ ገባው። ስሙን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ጎንበስ አለና በቀስታ «አለኸኝ» አላት። «እናቴ ናት ያወጣችልኝ።»

ባልቴቷ ጠራችው። «አለኸኝ!»

ጭራቁ ነቃ። አፉን በሁለት እጁ ያዘ።

«አለኸኝ!»

ምላሱን ነከሰ። ዓይኑ ግን እንባ ሞላ።

ሦስተኛ ጊዜ እናት ልጇን ለምሳ እንደምትጠራው ጠራችው። «አለኸኝ፣ ልጄ! ና ብላ!»

«አቤት እማዬ!» አለ ጭራቁ። ድንጋይ ሆነ።

ባልቴቷ ደስ አላላትም። ሰው ሳይጠራው መኖር ምን እንደሆነ ታውቃለችና አዘነችለት። እነግርሃለሁ ብላውም ስለነበር ወደ ድንጋዩ ጠጋ አለች። «እኔ ማንያህልሽ እባላለሁ» አለችው። ድንጋይ ምን ይመልሳል?

ያኔ ከኋላዋ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እማማ ማንያህልሽ!»

ባልቴቷ ክው አለች። አስማቱ ይፈታ አይፈታ አታውቅም። የጠራት ማን እንደሆነም አታውቅም። ግን አርባ ዓመት ጠብቃለች። «ድንጋይም ብሆን ልሁን» አለችና ዞረች።

«አቤት!»

ድንጋይ አልሆነችም፤ ጭራቁ ድንጋይ ሲሆን አስማቱም ተፈትቶ ኖሯል። እንጉዳይ ሮጣ ወገቧ ላይ ተጠመጠመች። ወታደሩና ብልጡም እያዛጉ ተነሡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መንደሩ ሁሉ በስሟ ይጠራታል። እሷ ግን በሜዳው ባለፈች ቁጥር ከረጅሙ ድንጋይ ሥር ቆም ትላለች። «አለኸኝ፣ እንደምን ዋልህ?» ትለዋለች።  ትንሽ ጠብቃ ትሄዳለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አጠገባችሁ የሚኖረውን ሰው ስሙን እወቁ፣ በስሙም ጥሩት። የሚጠራው ያጣ ሰው ብቻውን ይቀራል፤ አንዳንዱም ይከፋል።

ተረቴን መልሱ፣
ዳቦውን ለራሳችሁ አንሱ፣
የእኔን ስም ብቻ አትርሱ።

ለመሆኑ እኔ ማን እባላለሁ? ምነው፣ ዝም አላችሁ?