የአቶ ጓንጉል ያልደረሰ ዕቃ

አንዲት በቴሌግራም የምትነግድ ሴት ነበረች። በቴሌግራም ለሚነግድ ሰው ሱቁ ስሙ ነው፤ ስሙ ከጠፋ ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው። የሰፈሩ ዕድር ሊቀመንበር አቶ ጓንጉል ይህን አሳምረው ያውቃሉ። አንድ ዕቃ አዘዟት፤ የላከችው ሞተረኛም በራቸው ድረስ ወስዶ በእጃቸው ሰጣቸው። በሳምንቱ ዕድርተኛው በተሰበሰበበት ተነሥተው፣

«ይቺ ሴት ያዘዝኩትን ዕቃ በልታዋለች! ሌላ ካልላከች ማንም ከእሷ እንዳይገዛ!» አሉ።

«ጋሼ፣ ምን ነበር ያዘዙት?» አለች ሴትዮዋ ከዕድርተኛው መሃል።

«ዕቃ ነዋ! አልደረሰኝም አልኩ፣ አልደረሰኝም!»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ግን የምታየው የአቶ ጓንጉልን ጠጉር ነበር። ባለፈው ስብሰባ ጥጥ ይመስል የነበረው ጠጉር ዛሬ ከሰል መስሏል። ለጠየቃቸው ሁሉ «ጥቁር አዝሙድ በማር እየበላሁ ነው» ይላሉ።

«እሺ ጋሼ፣ ሌላ የጠጉር ቀለም እልካለሁ» አለች እጅ ነሥታ። «መቼም ሌላው ሰው ሲያዝን ይሸብታል፤ እርስዎ ግን ቀለሙ ባይደርስዎት ጊዜ በሐዘን ጠጉርዎ ጠቆረ!»