ጓዳ የቀረችው ዘፈን

አንዲት መምህርት ነበረች፤ ስሟ ይርገዱ ይባላል። ለእህቷም፣ ለንስሐ አባቷም፣ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት፤ ዘፈን ትወድ ነበር። ይህ ለሌላ ሰው ምስጢር አይባልም። እሷ ግን «መምህርቷ አዝማሪ ሆነችላችሁ» እንዳይሏት እጅግ ስለምታፍር፣ ቤቷ ውስጥ ለብቻዋ እንኳ የምታንጎራጉረው የቧንቧውን ውኃ ከፍታ ነበር።

በምትኖርበት ከተማ አንድ ካሴት ቤት ነበር። እዚያ የሚሰበሰቡት ሁሉ የአንድ ዘፋኝ፣ የጋሽ ዘርጋው፣ አፍቃሪዎች ናቸው። የራሳቸው ቋንቋም ነበራቸው። በየሠርጉ የሚዘፈነውን፣ ልጅ አዋቂው የሚያውቀውን ዘፈን «ሳሎን» ይሉታል። ካሴቱ መጨረሻ ላይ ተረስቶ የቀረውን፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ደግሞ «ጓዳ» ይሉታል። በእነሱ ዘንድ ክብር የሚገኘው ጓዳ በማወቅ ነው። ታዲያ አንድ ጓዳ ብዙ ሰው ጆሮ ከገባ «እሱማ ሳሎን ወጣ!» ተብሎ ይናቃል። ስለዚህ ብርቅ ዘፈን ያገኘ ሰው ካሴቱን አያውስም፤ እንግዳ ሲመጣበት ድምፁን ይቀንሳል። «እኔ ዘንድ ያለውን ብትሰሙት!» ብሎ ዝም የሚል ሰው ከሁሉ በላይ ይከበራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይርገዱ የሬዲዮ ባትሪ ልትገዛ ገባች።

«መምህርት፣ እርስዎማ ከሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ሌላ አያውቁም!» አላት ሱራፌል፣ ከአፍቃሪዎቹ ሁሉ ቀልደኛው።

ሳቁ። እሷም አንገቷን ደፍታ ሳቀች።

በዚህ መካከል ጋሽ ዘርጋው ራሳቸው ገቡ። አርጅተዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ ክራር ታቅፈዋል። ሁሉም ተነሡ።

«ኖር!»

«በእግዜር! ተቀመጡ» አሉና ክራሩን ለባለ ሱቁ ዘረጉለት። «እንካ፣ ይቺን ግድግዳህ ላይ ስቀላት። ለጌጥ ትሁንህ።»

«ምነው ጋሼ? ዘፈኑን ተዉት እንዴ?»

«ትቻለሁ ልጄ።»

ሱራፌል አላስቻለውም። «ጋሼ፣ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ይንገሩን። እርስዎ ራስዎ የሚወዱት ጓዳ የትኛው ነው?»

ጓዳ ምን እንደሆነ ሲያስረዷቸው ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም።

«አንዲት ነበረች። እናቴ ስትሞት ሩቅ አገር ነበርኩ፤ ለቀብሯ አልደረስኩም። ያኔ ነው ያወጣኋት። መድረክ ላይ ስጀምራት ሰዉ ‹የጭፈራውን! የጭፈራውን!› ይለኛል። ካሴት መጨረሻ ላይ ከተትኳት። ይኸው እስከ ዛሬ ‹ሰማኋት› ያለኝ አንድ ሰው የለም። ለሰው ደስታ የሠራሁት ሁሉ ተሰማ፤ ከሆዴ ያወጣኋት ግን ሰሚ አጣች። ታዲያ ከእንግዲህ ለማን ልዝፈን?»

ሱራፌል ዘፈኗን ያውቃታል። ባለ ሱቁም ያውቃታል። አንዱ ሌላውን በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አየው። ከሁለቱ አንዱ እዚህ ሰው ፊት ቢናገር ጓዳው ሳሎን ሊወጣበት ነው። «ሌላ ጊዜ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ» አለ ሱራፌል በልቡ።

ይርገዱም ታውቃታለች። እናቷ የሞተችው እሷ መምህራን ኮሌጅ ሳለች ነው። አገሯ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ አብራት ያለቀሰች ይህች ዘፈን ናት። ልትናገር አፏን ከፈተች። የሁሉንም ዓይን ስታስብ ፊቷ ጋለ፤ አፏን መልሳ ዘጋች።

«እንግዲህ ደህና ሁኑ» አሉ ጋሽ ዘርጋው። ባዶ እጃቸውን ሲወጡ፣ ክንዳቸው ገና ክራሩን የታቀፈ ይመስል ነበር።

ያን ዕለት ይርገዱ ቤቷ ገብታ እንደ ልማዷ ቧንቧውን ከፈተች። ዘፈኑ ግን እንቢ አላት። ዘጋችውና በዝምታው ውስጥ ቁጭ አለች። የካሴት ቤቱ ሰዎች ዝም ያሉት በኩራት ነው፤ እሷ ዝም ያለችው በኀፍረት ነው። ይሁንና ኩራትም ሆነ ኀፍረት፣ ውጭ ቆሞ ለሚያንኳኳ ሰው ያው የተዘጋ በር ነው። ባለቤቱ ያልሰማው ፍቅር፣ ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆን፣ ለባለቤቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። አንባቢ ሆይ፣ አንተስ፣ አንቺስ፣ ጓዳ የቆለፋችሁበት ምስጋና ይኖር ይሆን?

በማግስቱ ጠዋት፣ የትምህርት ቤት ደወል ሳይደወል፣ ካሴት ቤቱ ሄደች። «ክራሩን ስጠኝ፤ ለጌጥ አይደለም» አለችው ባለ ሱቁን። እሱም አቀርቅሮ ሰጣት። ጨርቁን ሳታለብሰው በአደባባይ ይዛው ሄደች። ተማሪዎቿ መንገድ ላይ አይተዋት «ቲቸር ክራር ይዛለች!» እያሉ ተንሾካሾኩ። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ ግን አልቆመችም።

የጋሽ ዘርጋው በር ላይ ስትደርስ አላንኳኳችም። የዚያችን ዘፈን መግቢያ እንዲህ ስትል አዜመች፦

«በሩን አትዝጊብኝ፣ መሽቶብኝ ነው እንጅ…»

መንገደኛ ቆሞ አያት። እንደገና፣ ከፍ አድርጋ ደገመችው። ከውስጥ አንድ የሻከረ ድምፅ ቀስ ብሎ ተቀበላት፦

«ልቤማ ቀድሞኛል፣ ቆሟል ካንቺ ደጅ።»

የበሩ መቀርቀሪያ ሲነሣ ተሰማት። ክራሩን በሁለት እጇ ዘርግታ ጠበቀች።