የ«ጅቡ ችሎት» ዲቪዲ እና አንዲት ጠብታ ውሃ

ቀረብ በሉማ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ጠያቂ ልጅ ነው።

ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት ከተማ ምንታምር የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ሆዱን ታሞ ሰነበተና የጤና ባለሙያዋ፣ «ውሃውን እያፈላችሁ አጠጡት፤ ለዓይን የማይታይ ነፍስ ያለው ነገር አለበት» አለች። ልጁ ውሎ አድሮ ዳነ። ምንታምር ግን ነገሩ ከሐሳቧ አልወጣ አለ። የሐይቁን ውሃ በብርጭቆ ቀድታ ወደ ፀሐይ ታነሳዋለች፤ ጥርት ያለ ነው። ምንድን ነው ያለበት? እግር አለው? ይዋኛል ወይስ ይሳባል?

የሳይንስ መምህሯን፣ መምህር አስፋቸውን ጠየቀች።

«በማይክሮስኮፕ ይታያል» አሏት።

«ማይክሮስኮፑስ የታለ?»

«እሱን ልንገዛ አይደል እንዴ ድራማውን የቀረጽነው!»

እውነታቸውን ነው። ተማሪዎቹ «የጅቡ ችሎት» የሚል ድራማ ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ተጫውተው፣ መምህሩ በተዋሱት ካሜራ ቀርጸውላቸው፣ በዲቪዲ አስደርገው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይሸጡ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው እየተጋፋ ገዛ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው ዝር አላለም። የቀረው ዲቪዲ ከነካርቶኑ ቁጭ አለ። ትምህርት ሊዘጋ ደግሞ የቀረው አንድ ወር ነው። ከዚያ በኋላ ምንታምር ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች።

«ዲቪዲው ካልተሸጠ ማይክሮስኮፑ አይገዛም» አሉ መምህር አስፋቸው።

«ማይክሮስኮፑ ካልተገዛ እኔ ጠብታዋን አላይም» አለች ምንታምር። ለምን እንደማይሸጥ ልትጠይቅ ወጣች።

ሩቅ አልሄደችም። ከጸጉር አስተካካዩ ከዘለቀ ቤት የጅቡ ድምፅ ሲያስገመግም ሰማች። ገባች። ጅቡ ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ይፈርዳል፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ይስቃሉ።

«ጋሼ ዘለቀ፣ ይሄን ከየት አገኙት?»

«ኮፒ ነው። ሰው ሰጠኝ።»

«እዚህ በነጻ ያየ ሰው እኮ ትምህርት ቤት መጥቶ አይገዛም። ይተዉልን እባክዎ።»

ዘለቀ መቀሱን አየር ላይ አቆመ። «እኔ ብተወው ደንበኛዬ ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ማዶ ዙሪያሽ ሻይ ቤት ይገባል። እዚያም ይታያል። ዙሪያሽ ካልተወች አልተውም።»

ምንታምር በጣቷ እየቆጠረች መንገዱን ተሻገረች። ዙሪያሽ ካልተወች ዘለቀ አይተውም፤ ዘለቀ ካልተወ ዲቪዲው አይሸጥም፤ ዲቪዲው ካልተሸጠ ማይክሮስኮፑ አይገዛም፤ ማይክሮስኮፑ ካልተገዛ ምንታምር ጠብታዋን አታይም።

ዙሪያሽ ብርጭቆ እያጠበች ሰማቻት።

«እትዬ ዙሪያሽ፣ እርስዎ ቢተዉት ጋሼ ዘለቀም ይተዉታል።»

«ውይ የኔ እናት፣ ደስ ባለኝ!» አለች ዙሪያሽ። «ግን አራጋው አውቶቡሱ ውስጥ ያሳያል። ድራማው መሐል ላይ ሳለ መኪናው ይደርስና ተሳፋሪው ይወርዳል። መጨረሻውን እዚህ ካላየ ሻዬን ማን ይጠጣዋል? አራጋው ካልተወ አልተውም።»

ምንታምር ወደ መናኸሪያው አመራች። አራጋው ካልተወ ዙሪያሽ አትተውም፤ ዙሪያሽ ካልተወች ዘለቀ አይተውም፤ ዘለቀ ካልተወ ዲቪዲው አይሸጥም፤ ዲቪዲው ካልተሸጠ ማይክሮስኮፑ አይገዛም፤ ማይክሮስኮፑ ካልተገዛ ምንታምር ጠብታዋን አታይም።

ሾፌሩ አራጋው ጎማውን በእግሩ መታ መታ እያደረገ ይፈትሻል።

«ምን አልሽ? ድራማውን ተው?» ብሎ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ተማም ቪዲዮ ቤት ሄደሽ ጉዱን እዪ! ለመጣ ሁሉ ይቀዳል። የሌላው መኪና ሾፌርም ከእሱ አስቀድቷል። እኔ ብቻ ባጠፋ ተሳፋሪው ወደዚያኛው ነው የሚገባው። ተማም ካልተወ አልተውም።»

ቪዲዮ ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ምንታምር እየሮጠች ሄደች፤ ሐረጉ እንዳይጠፋባትም ጮክ ብላ ትለዋለች። ተማም ካልተወ አራጋው አይተውም፤ አራጋው ካልተወ ዙሪያሽ አትተውም፤ ዙሪያሽ ካልተወች ዘለቀ አይተውም፤ ዘለቀ ካልተወ ዲቪዲው አይሸጥም፤ ዲቪዲው ካልተሸጠ ማይክሮስኮፑ አይገዛም፤ ማይክሮስኮፑ ካልተገዛ ምንታምር ጠብታዋን አታይም።

ተማም ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ዲቪዲ ተቆልሏል። ነገሩን ሁሉ ሰምቶ አንገቱን አከከ።

«እኔ እኮ የራሳችሁ ሰዎች ያመጡት መስሎኝ ነው» አለ። «መጀመሪያ ያስቀዱት እማማ ጦይባ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ነው ጅቡን ሆኖ የሚጫወተው። አሁንም ሰሞኑን «ጨምረህ ቅዳልኝ» ብለው ሰው ልከውብኛል። እማማ ጦይባ በልጅነቴ አዝለውኛል፤ እንዴት እምቢ እላቸዋለሁ? ለእሳቸው ቀድቼ ደግሞ ለሌላው እምቢ ብል ሰው ምን ይለኛል? እሳቸው ካልተዉ አልተውም።»

ምንታምር አሁን ሩጫዋን ትታ ቀስ ብላ ሄደች። ሾፌርን መለመን ይቻላል፤ አያትን ግን ምን ይሏል? እማማ ጦይባ ካልተዉ ተማም አይተውም፤ ተማም ካልተወ አራጋው አይተውም፤ አራጋው ካልተወ ዙሪያሽ አትተውም፤ ዙሪያሽ ካልተወች ዘለቀ አይተውም፤ ዘለቀ ካልተወ ዲቪዲው አይሸጥም፤ ዲቪዲው ካልተሸጠ ማይክሮስኮፑ አይገዛም፤ ማይክሮስኮፑ ካልተገዛ ምንታምር ጠብታዋን አታይም።

እማማ ጦይባ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊታቸው ትንሽ ቴሌቪዥን አለች፤ ጅቡ እዚያም ይፈርዳል።

«ነይ ልጄ፣ ነይ! ይሄ የኛ ልጅ ነው። እስቲ አፈራረዱን እዪልኝ!»

ምንታምር ቁጭ ብላ ጅቡ ፈርዶ እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ የመጣችበትን ነገረቻቸው። አሮጊቷ ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ እኮ ገዝቻለሁ» አሉ። «ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት የኔ አይደለም?»

«የእርስዎ ነው እማማ። ቢፈልጉ ቀን ከሌት ይዩት። ግን ከእርስዎ የተቀዳው ለአንድ ሰው በደረሰ ቁጥር ከኛ አንድ ሳይሸጥ ይቀራል።»

«እኔ እንኳ ዘመድ ሁሉ አይቶ ደስ ይበለው ብዬ ነበር። ገንዘቡ ለምን እንደሆነስ ማን ነገረኝ?» ወደ ምንታምር ዞሩ። «ለምንድን ነው?»

«ማይክሮስኮፕ ሊገዛበት። የሐይቁን ውሃ ልናይበት።»

«ውሃ ምን ይታያል? ይኸው በየቀኑ የማየው!»

«ውስጡ ነፍስ ያለው ነገር አለ እማማ። በአንዲት ጠብታ ውስጥ። ወንድሜን ያሳመመው እሱ ነው።»

እማማ ጦይባ አጠገባቸው ያለውን ጣሳ አነሱ። ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። አዘንብለው አዩ። በአንድ ዓይናቸው አዩ።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠጣው ኖሬ!» አሉ። «ምን ይመስላል?»

«አላውቅም» አለች ምንታምር። «አላየሁትማ።»

አሮጊቷ ጣሳውን አስቀመጡ፤ ቴሌቪዥኑን አጠፉ፤ ነጠላቸውን ጎተቱ። «እጄን ያዢኝ፤ ተማም ጋ እንሂድ። እኔ ለመተው ሌላ ሰው እስኪተው አልጠብቅም።»

ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ «ተማም! በኔ የተነሳ የምትቀዳው ይብቃ። ለቀሩኝ ዘመዶች ከትምህርት ቤቱ እገዛላቸዋለሁ» አሉ።

እማማ ጦይባ ተዉ። ተማም ተወ፤ ተቀድቶ የተዘጋጀውን ሁሉ ሰባበረና «የትምህርት ቤቱን ድራማ አንቀዳም፤ እዚያው ሄዳችሁ ግዙ» ብሎ በሩ ላይ ጻፈ። ተማም ሲተው አራጋው ተወ፤ ተሳፋሪው ሲያጉረመርም አውቶቡሱን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቆመለት። አራጋው ሲተው ዙሪያሽ ተወች። ዙሪያሽ ስትተው ዘለቀ ተወ፤ ለደንበኞቹ በቴሌቪዥኑ የኳስ ጨዋታ ከፈተላቸው። ዘለቀ ሲተው ዲቪዲው ተሸጠ፤ ካርቶኑም ባዶ ሆነ። ዲቪዲው ሲሸጥ ማይክሮስኮፑ ተገዛ። ትምህርት ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ምንታምር በመስታወት ላይ አንዲት ጠብታ ጠብ አድርጋ ዓይኗን አስጠጋች።

መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር። መምህር አስፋቸው ማስተካከያውን ቀስ ብለው አዞሩላት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ሽው ብሎ አለፈ። ቀጥሎ ሌላ፣ ጭራ ያለው፤ ደግሞ እንደ ጫማ ሶል ያለ፣ ዙሪያውን ጸጉር የበቀለበት፣ እየተገለባበጠ የሚዋኝ።

«አለ!» ብላ ጮኸች። «እውነትም አለ!»

ከዚያ ተራዋን ለእማማ ጦይባ ለቀቀች። አሮጊቷ ወንበር ተሰጥቷቸው ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ከኋላቸው ተማሪው ተሰልፏል፤ ተማምና ዙሪያሽ ሳይቀሩ ቆመዋል።

«እማማ፣ ተራ ይልቀቁልን እንጂ!» አለ ተማም።

«ቆይ አትግፋኝ» አሉ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «አንደኛው እየዞረ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ ልይ።»