እጁን የዘረጋው የበሬ ነጋዴ

አንድ የበሬ ነጋዴ ነበረ። ከብት ያውቃል። በሬ ገና ከሩቅ ሲመጣ አረማመዱን አይቶ የትኛው እግሩ እንደሚያመው ይናገራል፤ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን፣ ሻኛውን ዳብሶ ጉልበቱን ይነግርሻል። በገበያው ውስጥ በከብት ነገር ከእሱ ጋር የሚከራከር አልነበረም። ስመኝ የምትባል ሚስት ነበረችው፤ ይወዳታል። ልጅ ግን አልነበራቸውም።

እናቱ አብራቸው ትኖር ነበር። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ በአደባባይ ምራቷን «በቅሎ» ማለት ጀመረች፤ በቅሎ አትወልድምና። «መሬት አላበቅል ሲል ገበሬ ማሳ ይቀይራል» ትለው ነበር ልጇን። በመጨረሻም ከወንዝ ማዶ አንዲት ልጃገረድ መረጠችለት፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆረጠ። ስመኝ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ወላጆቿ ልትመለስ ነው ማለት ነው። ነጋዴው እሺም እምቢም አላለም። ዝም ማለት ደግነት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እሱም ከእነሱ አንዱ ነበር።

ስመኝ ያልሞከረችው አልነበረም። ጠበል ተጠምቃለች፣ ተስላለች፣ ከተማ ወርዳ ሆስፒታል ተመርምራለች። የሆስፒታሉ ሐኪም «አንቺ ላይ ምንም አልተገኘም፤ አሁን ባለቤትሽ ይምጣ» ብሏት ነበር። ይህንን ለባሏ ነገረችው። «እኔ ምን ሆኜ! ሰው ቢሰማስ ምን ይላል?» ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ። ሁለተኛ አላነሳችበትም። አማቷ በቅሎ ስትላት መልሱ አፏ ላይ እያለ አንገቷን ደፋች እንጂ ለማንም አልተናገረችም። እሱም አለመናገሯን ያውቅ ነበር።

በዚያ ወራት፣ መንገድ ሊሠሩ የመጡ የአገሯን ሰዎች ተከትላ የመጣች አንዲት ቻይናዊት አሮጊት በገበያው ዳር አንድ ክፍል ተከራይታ ሕክምና ከፈተች። የክፍሉ ግድግዳ ሙሉ ትንንሽ መሳቢያ ነው፤ በየመሳቢያው ሥራሥር፣ ቅርፊት፣ የደረቀ አበባ ተሞልቷል። በቀጫጭን መርፌም ትወጋለች። ንግግሯን የምታስተረጉምላት ደብሪቱ ነበረች፤ በሠራተኞቹ ካምፕ ወጥ ስትሠራ ቻይንኛ የለመደች፣ አፏ የማያርፍ ሴት። ሐኪሟ መውለድ የቸገራቸውን ታግዛለች የሚል ወሬ ሲነዛ ስመኝ ብቻዋን ሄደች።

አሮጊቷ የስመኝን እጅ ትንሽ ትራስ ላይ አሳረፈችና በሦስት ጣቶቿ የደም ትርታዋን አዳመጠች፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ምላሷን አየች። ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ወር አበባዋ ጠየቀቻት፤ እግሯ ይበርዳት እንደሆነም ጠየቀቻት። እግርሽ ይበርድሻል ወይ ብሎ ስመኝን የጠየቃት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም፤ ዕንባዋ መጣ።

«ባልሽስ?» አለች ሐኪሟ።

«ሩቅ ገበያ ሄዷል» ብላ ዋሸች። ባሏ በዚያች ሰዓት ከደጁ ማዶ በሬ ሲያሻሽጥ ጩኸቱ እስከ ክፍሉ ይሰማ ነበር።

ሐኪሟ ለወር የሚበቃ፣ በየወረቀቱ የተጠቀለለ መድኃኒት ሰጠቻት። ደብሪቱም ደጋግማ አስረዳቻት፤ በቀን አንድ ጥቅል፣ በሸክላ ድስት፣ በለዘብታ እሳት፤ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ማታ። «ቀስ እያለ ነው የሚገባው ትልሻለች። ደግሞ ባልሽ ሲመለስ ይዘሽው ነይ። የእሱን እጅ ካላየሁ ነገሩን የማውቀው ገሚሱን ነው ትላለች።»

ነጋዴው ጥቅሎቹን ሲያይ ልቡ በተስፋ ተነሣ። ፋሲካ ቀርቧል፤ ሚስቱ እንድትሄድበትም አይፈልግም። ነገር ግን እሱ የሚያውቀው መድኃኒት ኮሶ ነው። ኮሶ ጎህ ሲቀድ፣ በባዶ ሆድ፣ አንድ ጊዜ ይጠጣል፤ እስኪያንገሸግሽ ይመራል፤ በዚያው ቀን ትሉን ጠራርጎ ይገላግላል። በየቀኑ የሚጠጣ ነገር ለእሱ ሻይ እንጂ መድኃኒት አልነበረም።

«በወር የሚሠራ ከሆነ ሁሉንም አንድ ላይ ብትጠጪው ሽማግሌዎቹ ሳይሄዱ ይደርስልናል» አላት።

«እሷ እንዲህ አላለችም እኮ።»

«እሷ የሐበሻን ሆድ የት ታውቀዋለች?»

ስመኝ ልትከራከር አሰበች። ግን ባሏ ራሱ ጎንበስ ብሎ እሳት ሲያነድ አየችው፤ ለእሷ ብሎ እሳት ሲያነድ አይታው አታውቅም ነበርና ደስ አላት። ጎህ ሲቀድ ሁሉንም ጠጣችው።

ረፋዱ ላይ አንጀቷ እስኪገለበጥ አስመለሳት። ቀጥሎ ዓይኗ ዞረ፤ መሬት ላይ ተዘረረች። ነጋዴው በሬዎቹን ገበያ አድርሶ ሊያያት ተመልሶ ነበርና አንስቶ ታቀፋትና ወጣ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። በበሬዎቹ መሃል፣ በደንበኞቹ መሃል ሚስቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ እየሮጠ ከሐኪሟ ደጅ ደረሰ። ሰዉ ሁሉ ሥራውን ትቶ ተከተለው።

«ምን ቀመሰች?» አለች ደብሪቱ።

«የሰጣችኋትን።»

«ስንት ጥቅል?»

«ሁሉንም።»

ደብሪቱ ራሷን ያዘች። «የወሩን በአንድ ጊዜ? አንተ ሰውዬ፣ ኮሶ መሰለህ እንዴ?»

«አዎ» አለ ነጋዴው።

ኮሶ ምን እንደሆነ ለሐኪሟ ማስረዳቱ የራሱ ጣጣ ነበረው። ስትረዳ ፊቷ ጠቆረ፤ ይህስ ከእኔ በላይ ነው ብላ ከጤና ጣቢያው ነርስ አስጠራች። ነርሷ መጥታ ግሉኮስ ሰቀለች። ነጋዴው ከአልጋው ግርጌ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ብትሞትብኝስ እያለ፣ ለገበያ ያወጣቸውን በሬዎች ማን እንደያዛቸው እንኳ ሳያስብ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ስመኝ ዓይኗን ገለጠች።

እናቱም ወሬውን ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። «ለበቅሎ ይሄ ሁሉ ሩጫ!» ትላለች ለጎረቤቶቿ።

ሐኪሟ ያቺን ትንሽ ትራስ አምጥታ ነጋዴው ፊት አስቀመጠችና እጁን በጣቷ አመለከተች።

«እኔ አልታመምኩም» አለ።

ደብሪቱ ሳቀች። «ላምህ አልፀንስ ስትል ምን ታደርጋለህ?»

«ኮርማውን አያለኋ» አለ ሳያስበው።

ደጁን የሞላው ገበያተኛ በሳቅ ፈነዳ። የነጋዴው ፊት ነደደ፤ ተነሥቶ ሊወጣ ሆነ። ያን ጊዜ ስመኝ ከተኛችበት በደከመ ድምፅ፣ «ተዉት በናታችሁ፤ እሱ ደህና ነው። ችግሩ የእኔ ነው» አለች። ሲዋረድ እንዳታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ነጋዴው ባለበት ቆመ። ሊገድላት የደረሰው እሱ ነው። በቅሎ ሲሏት ዝም ያለውም እሱ ነው። እሷ ግን አሁንም፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ እሱን ትሸፍናለች። እስከዛሬ ክብሬ የሚለው ነገር የእሷ ዝምታ ብቻ እንደነበረ ገባው። እጁን ተመለከተው። የሰውን ከብት አፍ ሲከፍት፣ ጭኑን ሲዳብስ አፍሮ የማያውቅ እጅ ነው። ተቀመጠ፤ እጅጌውን ሰበሰበና እጁን ትራሱ ላይ አሳረፈ።

ከዚያ ወደ በሩ ዞረና፣ «እማዬ፣ ሆስፒታሉ እሷን ደህና ነሽ ብሏታል። ይምጣ የተባልኩት እኔ ነኝ። ያልሄድኩትም እኔ ነኝ» አለ፤ ሁሉም እየሰማ።

የሚስቅ ጠፋ። እናቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ሐኪሟ ይህን ሁሉ እንዳልሰማች ዓይኗን ጨፍና የእጁን ትርታ ታዳምጥ ነበር። ስመኝ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

ለእሱ የታዘዘለት መድኃኒት ከሚስቱ በዛ። አረቄ ተከለከለ፤ ጀርባው ላይ መርፌ ተወጋ። ሐኪሟ ደግሞ ሁለታችሁም አንድ ላይ ወደ ሆስፒታሉ ሂዱ፣ የእኔ ሥራሥር የእነሱን ምርመራ አይተካም አለቻቸው፤ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው ጠዋት ጠዋት ሁለት ድስት ይጥዳል፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእሱ። ሽታው እስከ ጎረቤት ይሄዳል። በገበያ ግን አልማሩትም።

«ጋሼ፣ ስንት ወር ሆነህ?» ይሉታል።

«እባካችሁ ከፀሐይ ዞር አድርጉኝ፤ ምች እንዳይመታኝ» ይላል፤ ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነው።

በራሱ የሚስቅን ሰው ገበያ ቶሎ ይሰለቸዋል። ሽማግሌውም ሳይላክ ቀረ፤ ከወንዝ ማዶ ያለችው ልጃገረድ ለሌላ ተዳረች፤ ለእሷም ተመስገን ነው።

ክረምቱ ሲገባ ነጋዴው ከበጎቹ መርጦ ሙክት እየጎተተ ወደ ሐኪሟ ሄደ። ደብሪቱ ስታየው እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«ፀነሰች?»

«አልፀነሰችም።»

«ታዲያ በጉ የምንድን ነው?»

«የምስጋና።»

«ሰው እኮ የሚያመሰግነው ሲያገኝ ነው!»

«አግኝቻለሁ» አለ ነጋዴው። «ሚስቴ ቀና ብላ ትሄዳለች። ማታ ስገባ ታወራኛለች። ከዚህ በፊት ለካ አታወራኝም ነበር፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት።»

ደብሪቱ ይህንን ለሐኪሟ አስተረጎመች። አሮጊቷም፣ ይህንኑ መድኃኒት ወስደው የወለዱም ያልወለዱም አሉ፤ ልጅ ይመጣል ብዬ ቃል አልገባም አለች። «እኔም ቃል ፍለጋ አልመጣሁም» አላት፤ በጉን አስሮላት ሄደ።

ልጅቷ የተወለደችው ከዚያ በኋላ፣ ሌላ ክረምት አልፎ ነው። ያን ጊዜ ጭቅጭቅ ተነሣ። እናቱ ለካ በስውር ተስላ ነበርና ስለቴ ሠመረ አለች። ደብሪቱ ሥራሥሩ ነው አለች። ነርሷ የሆስፒታሉ ኪኒን ነው አለች። ነጋዴው ለሁሉም «ልክ ነሽ፣ እግዜር ይስጥሽ» እያለ ልጅቷን ታቅፎ ይዞር ነበር።

ልጄ፣ ይህን ተረት ያወራሁሽ ለጥያቄሽ መልስ እንዲሆን ነው። የጠየቅሽኝ «የቻይና መድኃኒት ይሠራል ወይ? ባሌ ሳይሰማ ብቻዬን ብጀምረውስ?» ብለሽ ነው። ይሠራል አይሠራም ብለው የጻፉትን ሁሉ አገላብጫለሁ፤ የሚሳደቡትም የሚምሉትም በዙብኝ፣ ቁርጡን አልነግርሽም። ይህን ግን እነግርሻለሁ። የበሬ ነጋዴው ባልሽ ነው፤ ከብቱን ሁሉ መርምሮ ራሱን የማያስመረምር። ስድቡን እየዋጠች ባሏን የምትሸፍነው ስመኝ ደግሞ አንቺ ነሽ። የወሩን መድኃኒት ሁሉ ባንድ ጊዜ መጠጣት ማለትም፣ የሁለት ሰው የሆነውን ነገር አንዷ ብቻዋን ልጠጣው ማለት ነው፤ የሚያሳምመው እሱ ነው። ስለዚህ ወደ ቻይና ሐኪም ሂጂ፣ ወደ ሆስፒታሉም ሂጂ፣ ብቻሽን ግን አትሂጂ። አልሄድም ካለ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አታዙሪለት፤ ዓይኑን እያየሽ ጠይቂው። እጁን ከእጅሽ አጠገብ ያሳረፈ ቀን ደግሞ፣ ልጁ ይምጣ አይምጣ ብለሽ ሳትጠብቂ፣ በዚያው ቀን አመስግኚ።