ሚሬይ፣ ክሌር ወይስ ሚሪ

በአንድ ወቅት፣ አሮጌው ባቡር ማፏጨቱን ከተወ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትርንጎ የምትባል ሴት የበኩር ልጇን በሰላም ተገላገለች። የተወለደችው ሴት ናት፤ ጠጉሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ ድምፅዋ ከሦስተኛ ቤት የሚሰማ። ስም ብቻ ጎደላት።

ስሙ ፈረንሳይኛ እንደሚሆን ማንም አልተከራከረም። የትርንጎ አማት፣ ሰፈሩ በፈረንሳዮች ወግ «ሙሴ ዘለቀ» የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን ባቡር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቋንቋውን ከፈረንሳዮቹ አለቆቻቸው ተምረው፣ በቤታቸው የተወለደውን ሁሉ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በፈረንሳይ ስም ክርስትና አስነሥተዋል። የትርንጎ ባልም ጊዮም ነው። ጊዮም ግን እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ውስጥ ነርስ ሆኖ ይሠራል፤ እሷም ክርስትናው እንዳለፈ ልጇን ይዛ ልትከተለው ነው። እንግዲህ ስሙ የፈረንሳይ ይሁን፤ ዕድሜ ልክ የሚጠራው ግን የእንግሊዝ አፍ ነው።

ነገሩ ይኸ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ሙሴ ዘለቀ ከጊዮም በፊት የወለዷት ልጅ ነበረቻቸው፤ ሚሬይ። አሥር ዓመት ሳይሞላት፣ አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟን አስከትላ ከተማውን በሚከፍለው በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ስትጫወት ጎርፍ መጣ። ደቻቱ እንዲህ ነው፤ ደጋው ላይ ከዘነበ፣ ከተማው ላይ ሰማይ ጠርቶ ሳለ ድንገት ይደርሳል። ልጅቱ ጊዮምን ተሸክማ ወንዙ ዳር ያለው ግንብ ላይ ወረወረችው። ለራሷ መውጫ ጊዜ አላገኘችም።

ሙሴ ዘለቀ የልጅ ልጃቸው መወለድ እንደተነገራቸው ሣጥናቸውን ከፈቱ። ሚሬይ በሕፃንነቷ ያጠለቀችው፣ ስሟ በፈረንሳይ ፊደል የተቀረጸበት ትንሽ የብር አምባር ውስጡ ነበር። በሎሚ ወልውለው አመጡና ጨቅላዋ እጅ ላይ አጠለቁት።

«ሚሬይ ናት» አሉ። «ልጄ ነፍስ አትርፋ ሄደች፤ በስሟ የሚጠራ ሰው ግን የለም።»

«እንግሊዞቹስ አባባ?» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ።

«ይማሩዋ! እኔ የባቡር ዕቃ ስም ሁሉ በፈረንሳይኛ ተምሬ የለም? እነሱ አንዲት ልጅ መጥራት ያቅታቸዋል?»

ትርንጎ አምባሩን አላወለቀችም። ማታ ለጊዮም ደውላ ነገረችው። በማግስቱ ሥራ ቦታ ሚሬይ የሚለውን ስም በትልቁ ጽፎ፣ አብረውት የሚሠሩትን እንዲያነቡት ለመነ፤ ድምፃቸውንም ቀድቶ ላከላት። ትርንጎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች። «ማይሪል» አለ አንዱ። «ሚሬሌ» አለች ሌላዋ። «ሙሪኤል» ያለም፣ ሞክሮ ሲያቅተው የሳቀም ነበረ። ቀጥሎ ክሌር የሚለውን ሰጣቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አድርገው፣ ሳይደናቀፉ ጠሩት።

«ክሌር እንበላት፤ እሱም የፈረንሳይ ነው» አላት። «እኔን እዚህ ጊላሜ ሲሉኝ፣ ጉዊላም ሲሉኝ ቆይተው በመጨረሻ ቢል አሉኝ። ለእኔ ይሁን፤ ችዬዋለሁ። በእህቴ ስም ግን ሲሳቅ ቆሜ ልስማ?»

በድምፅ ቅጂው ውስጥ ግን አንዲት አሮጊት ታካሚም ነበረች። ተሳስታ፣ ታርማ፣ እንደገና ተሳስታ በመጨረሻ «ሚሬይ» አለች፤ ልክ እንደ ሙሴ ዘለቀ አድርጋ። ትርንጎ ያንን ቦታ ደጋግማ ከፈተችው።

የጊዮም እናት ወይዘሮ አስካለ በደቻቱ ማዶ ነው የሚኖሩት፤ ከባለቤታቸው ጋር ከዚያ ጎርፍ በኋላ አንድ ጣሪያ ሥር መኖር አልሆነላቸውም። ከዚያ ወዲህ አሸዋውን ረግጠው አያውቁም፤ ወዲህ ሲመጡ ዞረው በድልድዩ ነበር። ሕፃኗን ሊያዩ የመጡ ቀን ግን አጥሚታቸውን በሰሃን ሸፍነው፣ አሸዋውን በእግራቸው አቋርጠው መጡ። ጫማቸው አቧራ እንደሆነ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ሕፃኗን አቀፉ።

«ሚሪ» አሏት።

ትርንጎ ደነገጠች።

«ሙሴ ያንን ስም ከምድር ባቡር ሲያመጣው ለእኔም አፍ አልሆነም ነበር» አሉ። «ሚሪ አልኳት፤ እሷም ‹አቤት እማዬ› ትለኝ ነበር። እንግሊዝም ቢሆን ሚሪ ማለት አያቅተውም። ባዕድ ከሚሰባብረው እኛው በፍቅር ብናሳጥረው አይሻልም?»

የክርስትናው ሰሞን ጊዮም መጣ። ከአባቱና ከእናቱ ጋር ሦስቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ትርንጎ ልጇን እያጠባች ታዳምጣለች።

«የተቆረጠ ስም ስም አይደለም» አሉ ሙሴ ዘለቀ። «ልጄን ውኃ ወሰደብኝ፤ ስሟን ደግሞ እናንተ ትቆርጡብኛላችሁ?»

«ሚሪ አትበሉኝ» አለ ጊዮም። «ግንቡ ላይ ሆኜ የጮህኩት እሱን ነው።»

«እኔስ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ክሌር ስትላት፣ ልጄ ከዚህ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ስትወጣ ነው የምሰማው።»

«ክርስትናዋ ሚሬይ፣ የውጪው ክሌር ቢሆንስ?» አለች ትርንጎ።

ጊዮም ራሱን ነቀነቀ። «ሁለት ስም ይዤ ኖሬያለሁ ትርንጎ። የታመምኩ ጊዜ ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ‹ጊዮም› ለማለት ሲደናቀፉ እኔን መሆኑን ሳላውቅ ተራዬ አለፈ። ‹ቢል› ሲሉኝም ማንን እንደሚጠሩ እጠራጠራለሁ። ልጄ አንድ ስም ይኑራት።»

አባትየውም በዚህ ተስማሙ፤ እናትየውም። የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። ከዚያ ሦስቱም ዞረው ትርንጎን አዩ። «አንቺ ወለድሽ፤ አንቺ ተናገሪ» አሉ ሙሴ ዘለቀ። ትርንጎ እስከዚያች ሰዓት የሦስቱንም ሐዘን እያየች፣ ራሷ የምትወደውን ስም አስባም አታውቅም ነበር።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ሕፃኗ ነጭ ለብሳ ትርንጎ ክንድ ላይ ተኝታለች። ወንድ አያቷ በቀኝ፣ ሴት አያቷ በግራ፣ ጊዮም ከኋላዋ ቆመዋል፤ የሦስቱም ትንፋሽ ይሰማታል። አባ ውኃውን ባረኩና ወደ እሷ ጎንበስ አሉ።

«ልጅሽን ማን ብዬ ላጥምቃት?»

ትርንጎ አፏን ከፈተች።

እስቲ እናንት የሰማችሁ ፍረዱ፤ ስሙን ሳይጎድል አኑሩት ያለው አባት፣ የእህቱ ስም መሳለቂያ እንዳይሆን ሌላ ስም ያመጣው ወንድም፣ ወይስ ልጇ «አቤት» ያለችበትን ስም ያቀረበችው እናት፤ ትርንጎ የማንኛቸውን ስም ብትጠራ ነው የሚገባው?